የእትዬ ክረምት ሕይወትና የአንድ ዓርብ ጸሎት

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ክረምት» እያለ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊ፣ ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ እያጠቡ ቤት ካቆሙት እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ከተደረደሩት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች አንዱ ነበር። ቤቱ ከመጥበቡ የተነሣ በአባታቸው ጠረጴዛ ላይ ቀን ቁልፍ ይሞረድበታል፣ ማታ እራት ይበላበታል፣ ከእራት በኋላ ደግሞ ልጅ ይተኛበታል። አባታቸው በር ተዘግቶበት የጠራቸውን ሰው አስገብተው ሲመለሱ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ምን እንዳዩ ቢጠየቁ «የሰው በር የከፈተ አፉን ይዝጋ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣቸውም ነበር። እትዬ በልጅነታቸው ይህችን አባባል ድምፃቸውን አወፍረው እየደገሙ አባታቸውን ያስቁ ነበር። ቁም ነገሯ የገባቸው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ታናሽ እህታቸው ተወለዱ። እናታቸው ከማጠቢያ ቤት የሚመለሱት መሽቶ ስለነበር ሕፃኗን ያዘሉት፣ ያበሉት፣ ጥርስ ስታወጣ ያባበሉት እትዬ ናቸው። በ1956 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ለአምስት ዓመቷ እህታቸው እናት ሆኑ። «እትዬ» የሚለው መጠሪያ መጀመሪያ የወጣው ከዚያች ሕፃን አፍ ነው፤ ሰፈሩ የወረሰው ከእርሷ ነው። ይህን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በጀርባ አዝለው ያሳደጉት ሰው የራስ ይመስላል። እትዬ እህታቸውን ከነፍሳቸው አብልጠው ይወዱ ነበር፤ የእህታቸው የሆነው ሁሉ ግን፣ ጓዳቸውም ጭምር፣ የእሳቸው ይመስላቸው ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ይወጡ እንደነበር ራሳቸው ደጋግመው ነግረውናል፤ ሌላ ምስክር ግን አልተገኘም። ቀን ቤት እየያዙ ማታ ማታ ልብስ ስፌት ተምረው በ1961 ዓ.ም. ሸሚዝ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠሩ። የደረሳቸው ሥራ ኮሌታ መስፋት ብቻ ስለነበር «እዚያ ቤት አንገት እንጂ ደረት አላየሁም» እያሉ ይስቁ ነበር። ወደ ፋብሪካው የሚያደርሳቸውን አውቶቡስ ይነዱ የነበሩት ዝምተኛ ሰው በ1965 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሆኑ። እንዴት ተዋወቃችሁ ሲባሉ «ፌርማታዬን ሆን ብሎ እያለፈብኝ» ይሉ ነበር፤ ባለቤታቸውም ይህን አንድም ቀን አላስተባበሉም። በ1967 እና በ1970 ዓ.ም. ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

በ1969 ዓ.ም. ከፋብሪካው ወጥተው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራዩ። ሁለት የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ከባድ ካውያ፣ ልጆች ቆመው የሚለኩበት ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፤ ሀብታቸው ይኸው ነበር። እህታቸውንም አጠገባቸው አስቀመጡ። እትዬ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ በመኪና ይሰፋሉ፤ እህታቸው ጠርዝ ያጥፋሉ፣ ቁልፍ ይተክላሉ። የእህታቸው የእጅ ስፌት ቀጭንና እኩል ስለነበር የማን እጅ እንደሆነ ሳይነገር ይታወቅ ነበር። አባታቸው ይህን አይተው «እኔ የበር፣ እናንተ የደረት፤ መቼም ቁልፍ ከዚህ ዘር አይወጣም» አሉ ይባላል።

ሥራቸው የተማሪ ደንብ ልብስ ነበር። ለደንብ ልብስ ሰፊ ደግሞ ክረምት ዕረፍት አይደለም። ተማሪው የሚያርፍባቸው እነዚያ ወራት ለእሳቸው ወገብ የሚቆረጥባቸው ነበሩ፤ ትምህርት ሊከፈት ሲል የሰፈሩ እናት ሁሉ በአንድ ቀን «ደረሰ ወይ?» ብላ ትመጣለች። የራሳቸው ልጆች በበኩላቸው ትምህርት ቤት የለምና ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ሥር ናቸው። አንድ ክረምት ትንሹ ልጅ መቀስ አግኝቶ የአንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሱሪ መቀመጫ ላይ አምስት የቁልፍ ቀዳዳ ከፈተ። እትዬ ይጮኻሉ፣ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ መኪናው ይቆማል። ልጅ ይዘው ለመለካት የሚመጡ እናቶችም ወሬያቸው አንድ ነበር፤ «ይሄ ትምህርት መቼ ነው የሚከፈተው?»

በ1974 ዓ.ም. ክረምት ሊያልቅ ሲል የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ልጆቹን ፊት ለፊት ሰብስበው «ክረምት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ «ኳስ» አለ፣ ሌላዋ «እንቅልፍ» አለች። የእትዬ ትልቁ ልጅ ብድግ ብሎ «እናታችን የምትናደድበት ጊዜ ነው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እትዬም አብረው ሳቁ፤ ቤት ሲደርሱ ግን በሩን ዘግተው አለቀሱ። አምላክ የሰጣቸውን ልጆች ቶሎ እንደሚያልፍ ዝናብ ሲቆጥሯቸው መክረማቸው አሳፈራቸው። ያን ቀን ምእመናኑ ስቀው ተዉላቸው። ነገሩን ከአዳራሹ ውጪ ይዞት የወጣ፣ በማግሥቱም ያነሣባቸው ሰው አልነበረም። ይህን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን፤ እትዬ ራሳቸው ልብ ያሉት ዘግይተው ነውና።

በቀጣዩ ክረምት ሁላችን የምናውቀውን ሥራቸውን ጀመሩ። ደንቡ አጭር ነበር፤ ለእያንዳንዱ የክረምት ቀን አንድ ቃል፣ አንድ ሥራ፣ አንድ ደጅ። ቃሉን፣ ማለትም ከመጽሐፍ የተወሰደውን አንድ ጥቅስ፣ ጠዋት ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ጥቁር ጨርቅ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ይጽፉታል፤ ልጆቹ ሲወጡ ሲገቡ ያነቡታል፤ ማታ ይራገፋል። ሥራው የቤት ሥራ ነው፤ ወንድ ሴት ሳይል ድንች መላጥ፣ ካልሲ ማጣመር፣ የተቀላቀለ ቁልፍ በየመልኩ መለየት። ደጁ ደግሞ የሰው ደጅ ነው። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ቤት፣ ሐዘን የተቀመጠ ሰው ቤት፣ እግሩ የተሰበረ አናጺ ቤት ይሄዳሉ። አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ መልሱን ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ተመርቀው ይመጣሉ። ጠረጴዛው ሥር ጦርነት የነበረው ቤት ቀስ በቀስ የሰው ቤት ሆነ።

ለመለካት የመጡ እናቶች ይህን አይተው «እኛስ?» አሉ። እትዬም ስፒል በጥርሳቸው ይዘው ያስተምሩ ጀመር። «ልጅ ‘ሰለቸኝ’ ሲል አትደንግጪ፤ መሰልቸት ልጅ አይገድልም» ይሉ ነበር። «ሲያጠፋ ‘ሂድ ጸልይ’ አትበይው፤ ጸሎት ቅጣት ይመስለዋል» ይሉ ነበር። «ድስት እያረረ ረጅም ጸሎት አትጀምሪ፤ ፈጣሪም ሽታው ይደርሰዋል» ያሏት እናት ዛሬ እዚህ መካከላችን አለች። ሌሊት ሆስፒታል የምታድር አንዲት ነርስ «እኔ እንኳን ልጆቼን ላስተምር ቆሜ መሄድም አቅቶኛል» ብላ ስታለቅስባቸው፣ «ስትገቢ ግንባራቸውን ሳሚና ተኚ። የዛሬው ቃል እሱ ነው» አሏት። ብዙ እናቶች ከእሳቸው ደጅ የወጡት ቀልሏቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑም የኋላውን አዳራሽ ሰጣቸውና ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቶችና ልጆች እየተሰበሰቡ፣ ሳምንቱን የሚያወጉበትና ልጆች በየተራ ጮክ ብለው የሚጸልዩበት ጉባኤ ሆነ። «ክረምት» የሚለው ቅጽል የተጨመረላቸው ያኔ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው በየቀብሩ የሚነበብ ዓይነት ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ከብዶን ነበር፤ ሙት ወቃሽ መባልን ማን ይወዳል? ነገር ግን እትዬ ራሳቸው በጤናቸው ጊዜ አጥብቀው አዝዘዋል። የሰው ቀብር ደርሰው በተመለሱ ቁጥር «ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ፤ ክፉዎቹን ማን ነው የሚቀብራቸው?» ይሉ ነበር። «የእኔ ሲነበብ ሰው ‘የማን ቀብር ነው የመጣነው?’ ተባብሎ እንዳይተያይ። ያቺን ዓርብ እንዳትዘሏት» ብለዋል። ስለዚህ አንዘላትም።

በ1983 ዓ.ም. እትዬ ስማቸው ገንኖ ነበር። ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት እየጠሯቸው ያስተምሩ ነበር። ሙገሳ ደግሞ እንደ ማር ነው፤ ሲበዛ ያሳምማል። ልጆቹን «ፈጣሪ ያጌጠ ጸሎት አይወድም። በቤታችሁ ያለውን እንዳለ ንገሩት» ብለው አስተምረዋቸው ነበር፤ እናቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ይሰማሉ። ያን ዓርብ ተራው የእህታቸው ልጅ ሆነ። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ እንደ ልማዳቸው እጃቸው ሥራ አይፈታምና ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ይተክሉ ነበር። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና እንዲህ አለች፦ «እግዚአብሔር ሆይ፣ አባዬን ከዚያች ሴትዮ ቤት አምጣልን። እማዬ ሥራ ሄዷል የምትለው ውሸቷን ነው፤ እሷንም ይቅር በላት። አሜን።»

የልጅቷ አባት ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝተው እንደሄዱ ነበር የሚታወቀው፤ እትዬም ሳይቀሩ የሚያውቁት ይህንኑ ነው። እህታቸው ክሩን ሊበጥሱ ወደ ጥርሳቸው አስጠግተው ነበር፤ እንደዚያው ቀሩ። በዚያች ደቂቃ እትዬ «አሜን» ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ ቢያልፉ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ሌላ ይሆን ነበር። እትዬ ግን ብድግ ብለው «እንዲህ ነው ጸሎት! ከዚህች ሕፃን ተማሩ» አሉ። ቀጥለውም እናቶቹን ሁሉ አስነሥተው፣ በእህታቸው ዙሪያ አቁመው፣ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አስጭነው ጮክ ብለው አስጸለዩ። እህታቸው መርፌውን እንደያዙ፣ አንገታቸውን እንደ ደፉ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቁ።

ይህ ብቻ ቢሆን የድንጋጤ ነው ይባል ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ነገሩን ለአገልጋዩ ባለቤት ነገሩ፤ «ለጸሎት ያህል» ብለው። ሌላ ሰፈር ለሚያስተምሯቸው እናቶች ነገሩ፤ «ለምሳሌ ያህል» ብለው። ለደንበኞቻቸውም መኪናቸውን ሳያቆሙ ነገሩ፤ «አብረን እንድንሸከማት» ብለው። ሐሜት ነው ብሎ የነገራቸው የለም፤ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ነበርና። በመጨረሻ እህታቸው አትክልት ሊገዙ በወጡበት አንዲት የማያውቋት ሻጭ ቲማቲሙን እየመዘነች «አይዞሽ እህቴ፣ እየጸለይንልሽ ነው» አለቻቸው።

እህታቸው ቲማቲሙን እዚያው ትተው በቀጥታ ወደ ስፌት ቤቱ መጡ። መቀሳቸውንና የጣታቸውን መከላከያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ ለአምላኳ የነገረችውን አንቺ ለገበያ አደረስሽው» አሉ። «ጠይቀሽኝ ብታውቂ ኖሮ እነግርሽ ነበር። በሩን ዘግተሽ ብትጠይቂኝ ኖሮ አለቅስልሽ ነበር። ገበናዬን ግን በእጅሽ ይዘሽ አዞርሽው።» በዚያው ሳምንት ልጃቸውን ይዘው ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄዱ፤ ከቤተ ክርስቲያኑም፣ ከስፌት ቤቱም ቀሩ። ከዚያ ወዲያ እህታቸውን «እትዬ» ብለው አልጠሩም፤ መጥራት ግድ ሲሆንባቸው «ሴትዮዋ» ነበር የሚሉት።

እውነቱን ለመናገር እትዬ ወዲያው አልተጸጸቱም። ክረምቱ አልፎ፣ ትምህርት ተከፍቶ ሳለ «ለጸሎት ብዬ እንጂ ለክፋት ነው እንዴ?» ይሉ ነበር። አንድ ማታ እራት ላይ ይህንኑ ሲደግሙ ዝምተኛው ባለቤታቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዤ፣ ከኋላዬ ስንት ገበና ይወራል» አሏቸው። «አንድ ቀን ከአውቶቡስ አውርጄ ቤት ይዤልሽ መጥቼ አውቃለሁ?» የአባታቸው ቃል፣ ያ በወፍራም ድምፅ ይቀልዱበት የነበረው፣ ያኔ ለእትዬ ትዝ አላቸው። ልጃቸው በአዳራሹ ያሳፈራቸው ቀንም ትዝ አላቸው። የእሳቸውን ገበና ሰው ስቆ ትቶታል፤ እሳቸው የእህታቸውን አልተዉም። ከዚያች ማታ ጀምሮ እፍረት አብሯቸው ኖረ፤ እንደ ሕመም የሚሻለው ቀን እንኳ አልነበረውም። መስታወቱ ፊት ልጅ ሲለኩ ቀና ብለው ራሳቸውን ላለማየት ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር ልጆቻቸው አይተዋል።

ጉባኤውን ሊዘጉት አስበው ነበር። ዘግተውት ቢሆን ቀላል ነበር፤ ግን እናቶቹ መምጣታቸውን አልተዉም። ስለዚህ የዓርቡን ጸሎት ለወጡት። በቀጣዩ ክረምት ልጆቹን «የቤት ጸሎት በቤት ነው። እዚህ ግን እጃችሁን ጨብጡ። የቤታችሁን ነገር በልባችሁ ለፈጣሪ ንገሩትና በጭብጣችሁ ያዙት። ምን እንደያዛችሁ ማንም አይጠይቃችሁም፤ እኔም ብጠይቃችሁ አትንገሩኝ» አሏቸው። ይህ ነው ዛሬ በብዙ ቦታ እናቶች የሚያደርጉት «የጭብጥ ጸሎት» የተባለው። ሰው ሁሉ አደነቀው። «ይህ ጥበብ ከየት መጣልዎት?» እያሉ በየጉባኤው ሲያጨበጭቡላቸው እትዬ ቀልተው አንገታቸውን ይደፉ ነበር። ሕዝቡ ትሕትና ይለው ነበር። ትሕትና አልነበረም፤ ጥበቡ ከየት እንደመጣ ያውቁ ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስቴ ወደ እህታቸው ቤት ሄደው ሦስቴም በሩ ሳይከፈት ተመለሱ። ሽማግሌ ለመላክ አስበው ነበር፤ ግን ሽማግሌ ለመላክ ነገሩን እንደ ገና ለሽማግሌ መንገር ግድ ሊሆንባቸው ሆነ፤ ተዉት። የሚያውቁት ሥራ አንድ ነበርና ትምህርት ሊከፈት ሲል ለእህታቸው ልጅ ደንብ ልብስ ይሰፉ ጀመር። ልጅቷን ሳያዩ፣ ቁመቷን በልባቸው እያሳደጉ ይቆርጣሉ፤ ትልቁ ልጃቸው ያደርሳል። ልብሱ እንደታጠፈ ይመለሳል። በየዓመቱ እንዲሁ ነበር። ልጅቷ ትምህርት በምትጨርስበት ዓመትም ተመለሰ። ሲዘረጉት ግን ጠርዙ ተፈትቶ፣ ሁለት ጣት ያህል ረዝሞ፣ በቀጭን እኩል የእጅ ስፌት ተመልሶ ተሰፍቶ ነበር። እህታቸው ልጃቸውን አስለክተው፣ አስተካክለው ካበቁ በኋላ ነው የመለሱት። ሌሎቹን ልብሶች እትዬ ለሰፈር ልጆች ሰጥተዋቸው ነበር፤ ይህንን ግን ለማንም አልሰጡም።

በ2004 ዓ.ም. ባለቤታቸው አረፉ። እህታቸው ለቀብሩ መጥተው ከኋላ ቆሙ፤ ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ ቀርበው የእትዬን እጅ ጨበጡና ሄዱ። እትዬ ያን ሰሞን ሁለት ሐዘን ነበር የተቀመጡት።

በ2006 ዓ.ም. ክረምት አንዲት ሴት የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ስፌት ቤቱ ገባች። «ደንብ ልብስ እንዲለኩላት ነው፤ ደግሞ ክረምቱን ከእሷ ጋር ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግራ ገብቶኛል» አለች። እትዬ ሜትሩን አንሥተው ሕፃኗን ለመለካት ጎንበስ ሲሉ ፊቷን አዩት። የእህታቸው ፊት ነው። ያቺ የጸለየችው ልጅ እናት ሆና መጥታለች። ሜትሩ ከእጃቸው ወደቀ። የሕፃኗ እናት ያን ዕለት የነገረቻቸው ነገር ከሁሉ ይልቅ ሰበራቸው፤ ከዚያ ዓርብ ጀምራ በሰው ፊት ጸልያ አታውቅም፤ አባቷን ያስቀረው፣ እናቷንም ከእህታቸው የለየው የእሷ ጸሎት ይመስላት ነበር። እትዬ በዚያ ዕድሜያቸው መሬት ላይ ተቀመጡ። ዕዳቸው የእህታቸው ብቻ መስሏቸው ሲያፍሩ፣ ያኔ የጸለየችው ሕፃን ሳታጠፋ የተሸከመችውን አላዩም ነበር። «ጸሎትሽ ምንም ጥፋት አልነበረበትም» አሏት። «ጥፋቱ የሰሚዋ ነው። የእኔ ነው። እባክሽ ከእኔ ጫንቃ ላይ አታንሺው።» ከዚያ ተነሥተው የሕፃኗን ልክ ወሰዱ። «ታድግበታለች» ብለው እንደ ልማዳቸው ሁለት ጣት ጨመሩ።

ከዚያ ወዲህ የእህታቸው ልጅ ስፌት ቤቱን መውጫ መግቢያዋ አደረገችው። እናቷ ግን አልመጡም።

ባለፈው ዓመት እትዬ ታመው አልጋ ያዙ። ልጆቻቸውና ምራቶቻቸው በሚችሉት ሁሉ አስታመሟቸው። የሚጠይቃቸው ሰው ብዙ ነበር፤ ክፍሉ ሁልጊዜ ይሞላል። ጠያቂው ፍቅር ስላለው ሁሉን ማወቅ ይፈልጋል፤ ምን ላይ ደረሰ፣ ምን ይበላሉ፣ እንዴት ነው የሚያደርጉት፣ ለይተን እንድንጸልይ ንገሩን ይላል። እትዬ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ጣሪያውን ያያሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሉ እንዲህ ሞልቶ ሳለ እህታቸው ትንሽ ሻንጣ ይዘው ገቡ። ክፍሉን አዩት፣ አልጋውን አዩት። «እባካችሁ፣ ሁላችሁም ውጡልኝ» አሉ። መጋረጃውን ሳቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬን ያጠቡት፣ ያገላበጡት፣ ልብሳቸውን የለወጡት እህታቸው ብቻ ናቸው። ልጆቻቸውን እንኳ ሲያስገቡ አስቀድመው አልጋውን አስተካክለው፣ የእትዬን ፀጉር አበጥረው ነበር። ጠያቂ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመው «ደህና አድራለች። ጸልዩላት» ይላሉ። «ምን ብለን እንጸልይ?» ሲባሉ «ዝርዝሩን የምትለምኑት ጌታ ያውቀዋል» ይላሉ። ይህን እትዬ ከውስጥ ሲሰሙ ፊታቸውን ሸፍነው ያለቅሱ ነበር። ሁለቱ እህትማማቾች እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባባሉ እኛ አናውቅም። ከበሩ ማዶ አንድ ጊዜ ብቻ የሰማነው አለ፤ «እትዬ፣ ወደዚህ ዙሪልኝ» የሚል። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ ያልወጣ ስም ነበር።

ይህን የሕይወት ታሪክ እንድታዘጋጅ የተመደበችው ያቺ የእህታቸው ልጅ ናት። የእትዬ ትእዛዝ ቢኖርም፣ የዚያችን ዓርብ ነገር ዳግመኛ በሰው ፊት ማንበብ ያንኑ ጥፋት መድገም መስሎ ስለታያት ብዕሯን አስቀምጣ እናቷን ጠየቀች። እናቷ የእህታቸውን አንሶላ እያጠፉ ነበር። «የእኔን ንገሪ» አሉ። «የእኔን ገበያውም ሰምቶታል፤ ለአንዲት እናት እንኳ አፍ መዝጊያ ከሆነ ይነገር። የእሷን ሕመም ግን አንዲት ቃል እንዳትጽፊ።» በዚህ ምክንያት፣ በሕይወት ታሪክ መጨረሻ እንደ ልማድ የሚነገረው የሕመማቸው ዓይነትና ሁኔታ እዚህ አልተጻፈም። የሚጠብቅ ሰው ቢኖር ይቅርታ እንጠይቃለን።

እትዬ ክረምት በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እህታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳሉ አረፉ። ሁለት ወንዶች ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህት፣ አንዲት የእህት ልጅና እሷ የወለደቻት አንዲት ልጅ፣ እንዲሁም ቁመታቸውን እየለኩ ያሳደጓቸው የሰፈሩ ልጆች በሐዘን ይሰናበቷቸዋል። የለበሱትን የመጨረሻ ልብስ እህታቸው በእጃቸው ሰፍተውታል።

የሰውን ሁሉ ገበና ሸፍኖ የሚያኖር አምላክ እሳቸውንም በምሕረቱ ይሸፍናቸው፤ ያፈሩበትን ሁሉ ከፊቱ ያንሣላቸው። አሁን ከመሸኘታችን በፊት፣ እንዳስተማሩን፣ ሁላችንም እጃችንን እንጨብጥ። ስለ እሳቸው ያለንን፣ ስለ ቤታችንም ያለንን በልባችን እንንገረው። ከዚህ ስንወጣ ግን፣ ምን እንደያዘ ማንም ማንንም አይጠይቅ። አሜን።